የቬንትሌተሩ ፊት ወዴት ይዙር?

ደገኛ ስለ ቤት የሚያውቀው ሁሉ ቢጨመቅ ሁለት ሕግ ይወጣዋል። አንደኛ፣ ቤት ፀሐይ ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ቤት ነፋስ ማግኘት የለበትም። በእነዚህ ሁለት ሕጎች አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ጎንደርም በሰላም ይኖራል። ሕጎቹ ከቤት አልፈው ታክሲ ውስጥም ይሠራሉ። ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደፍርሶ፣ አንዱ ምስኪን መስኮቱን ጣት በምታህል ከፈት ሲያደርግ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። የሚቃወም የለም። ታፍነን ብንደርስ ይሻለናል እንጂ ነፋስ መትቶን መድረስ አንፈልግም።

ድሬዳዋ እነዚህን ሕጎች አልተቀበለቻቸውም።

ለሥራ ተዛውሬ የመጣሁ ሰሞን ቤት ያሳየኝ ደላላ ገና ሰላም ስለው ከየት እንደመጣሁ ገባው። ሳቢያን አካባቢ ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቶኝ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቤት ነው» አለኝ። ለድሬ ልጅ እንዲህ ብሎ ቤት የሚያከራይ ደላላ የለም፤ ለደገኛ ግን ይህ ወሬ ከውኃና ከመብራት እኩል ዋጋ ያወጣል። ደላላ ይዋሻል ይባላል፤ ይኼኛው አንዲት ቃል አልዋሸም። ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ የሆነ፣ ኪራዩም የሚቀመስ ሌላ ቤት ስላልነበረ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ገባሁ።

ቤቱ ፀሐይ ያገኛል። ጠዋት በመኝታ ቤቱ መስኮት ትገባለች። ከሰዓት በኋላ በሳሎኑ መስኮት ትገባና እስክትጠልቅ ድረስ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። በመሃል ያለውን ጊዜ አናታችን ላይ ታሳልፋለች። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ እንኳን ስለማትርቅ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙም ፈቀቅ አትልም። ስለዚህ ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ግድግዳ ሳይሆን ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የደረሰው ለእኛ ነው። ከበላያችን ቆርቆሮ አለ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አለ፣ ከኮርኒሱ ሥር እኛ አለን። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ቀን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መንካት ልማዱ ነው። ያኔ ኮርኒሱ የጋለ ምጣድ ይሆናል፤ ልዩነቱ ምጣዱ ከላይ፣ እንጀራው ከታች መሆኑ ብቻ ነው።

እማዬ ልትጠይቀን የመጣችው በዚሁ በግንቦት ነው፤ ከደብረ ብርሃን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ። አየር ቁልቁል በወረዱ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። ሒሳቡን ስንሠራው እማዬ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሻንጣና አሥር ዲግሪ ይዛ ነው የወረደችው። ሻንጣው ውስጥ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ በላስቲክ የታሰረ ፌጦና የደረቀ ዳማከሴ አለ። ጋቢው ለእሷ ነው። ፌጦና ዳማከሴው ለእኛ ነው፤ መታመማችን አይቀርማ።

ሳሎን ገብታ አረፍ እንዳለች ዓይኗ ቬንትሌተሩ ላይ አረፈ።

«ይኼ የሚዞረው ምንድነው?»

«ቬንትሌተር ነው እማዬ። አየር ይሰጣል።»

«አየር መች ጠፋ?»

ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ ሳሎኑን የሚቃኝ ዓይነት ነው። ወደ እማዬ ሲዞር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፤ ሲያልፋት ዝቅ ታደርጋለች፤ ሲመለስ እንደገና ትስባለች። ከእኛ ጋር እያወራች፣ የአገር ቤቱን ወሬ ሳታቋርጥ፣ ቡናዋንም ሳትደፋ ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው። ወሬው መሐል የሚቋረጠው ነፋሱ ልጆቹ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። «ይኼን ልጅ ደረቱን ሸፍኑት እንጂ!» ልጁ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ነው፤ ደረቱ ተሸፈነ።

ሌሊት ሙቀት ቀስቅሶኝ ብነሳ ቬንትሌተሩ ፊቱን አዙሯል። አንገቱ ተቆልፎ፣ በሙሉ ኃይሉ ግድግዳውን ያራግባል። ጠዋት ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «አጥፉት አላልኩም፤ ልባችሁ የወደደው ነገር ነው። ግን የተኛ ሰው አይመታም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሌለው ጦርነት ሆነ። ባለቤቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ቬንትሌተሩን ወደ ሰው ታዞረዋለች፤ እማዬ በዚህ በኩል ስታልፍ ወደ ግድግዳ ትመልሰዋለች። ሁለቱም ስለ ጉዳዩ ቃል አይተነፍሱም። አማትና ምራት ሲከባበሩ እንዲህ ነው። እኔ በመሃል፣ የቬንትሌተሩን ፊት እያየሁ፣ በቤቱ ውስጥ ማን እየመራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ለእማዬ ፍርድ እንስጣትና፣ ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም። ላብ ቆዳችን ላይ ሲተን ያቀዘቅዘናል፤ ቬንትሌተር የሚያደርገው ላቡ ቶሎ እንዲተን ማገዝ ነው። ማንም የሌለበት ክፍል ውስጥ ሲዞር የሚውል ቬንትሌተር ግን ከሞተሩ የወጣችውን ሙቀት ለክፍሉ ጨምሮ፣ ቆጣሪውን አሠርቶ ይውላል። ግድግዳ ላብ የለውም።

ልጆቹም በበኩላቸው መፍትሔ አግኝተው ነበር። ፍሪጁን ከፍተው ፊቱ ቁጭ ይላሉ። ለእነሱ ጥሩ ነው፤ ለቤቱ ግን አይደለም። ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ከሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት አውጥቶ በጀርባው ይተፋል፣ የሞተሩንም ይጨምርበታል። በሩ ተከፍቶ ሲውል ከፊት የሚሰጠንን ከኋላ በወለድ ያስከፍለናል። ይህንን ለልጆቹ ባስረዳቸው፣ ትልቁ «እንግዲያው ጀርባውን ወደ ጎረቤት እናዙረው» አለኝ። ኤሲ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈው በዚህ ልጅ አስተሳሰብ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን የፈቱልን ምድር ቤት የሚኖሩ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት እሳቸው «ሽሚንደፈር» በሚሉት በአሮጌው ባቡር ላይ ነው፤ አማርኛቸው መሐል ፈረንሳይኛ ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬን እንኳን ደህና መጡ ሊሉ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ማራገቢያቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ገብተው ሳይቀመጡ መስኮቶቹን አዩ። ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«አቦ ልጄ፣ በዚህ ሰዓት መስኮት የከፈተው ማነው?»

«ቤቱ ይናፈስ ብለን ነው ጋሼ።»

«ይኼ መናፈስ ነው? እሳት እየጋበዝክ!» አሉና በማራገቢያቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። «የድሬ ቤት ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነሳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሁሉንም ጥርቅም። መጋረጃውን አውርድ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውጭው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ክፈት። ተኝተህም ክፍቱን ይደር።»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። እኛ ስናደርግ የቆየነው ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነውን ነው። ጠዋት ተነስቶ መስኮት መክፈት፣ ፀሐይ ማስገባት፤ አመሻሽ ላይ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ መተኛት። ለደብረ ብርሃን ትክክል ነው። ለድሬ ግን ልብስን ገልብጦ መልበስ ነው።

እማዬ ግን «ክፍቱን ይደር» የሚለው ላይ ቡናዋን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ ክፍቱን አድሮ ጠዋት ማን ይነሳል?»

ጋሼ እማዬን አዩ፣ ግድግዳውን የሚያራግበውን ቬንትሌተር አዩ፣ የገባቸው ይመስለኛል። ተነሱና ቬንትሌተሩን በገዛ እጃቸው ተሸክመው መስኮቱ ሥር አቆሙት፤ ፊቱን ወደ ውጭ። «እህቴ፣ ማታ ይኼን እዚህ ያድርጉት። ከቤት ውስጥ ያለውን ትኩስ አየር እየሳበ ያስወጣል። በወዲያኛው መኝታ ቤት በኩል ደግሞ መስኮት ይከፈት፤ ቀዝቃዛው በዚያ ቀስ ብሎ ይገባል። ማንንም አይመታም።»

እማዬ ነገሩን መረመረችው። የቬንትሌተሩ ፊት ወደ ውጭ ነው። ነፋሱ እየወጣ ነው። ከቤቷ ነፋስ የሚያባርር መሣሪያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። «እንዲህ ከሆነማ ይሁን» አለች፣ ለጋሼም ሁለተኛ ስኒ ተቀዳ። ቀዝቃዛው አየር በሌላ በኩል እንደሚገባ ጋሼ በግልጽ ነግረዋታል፤ ያንን ክፍል ግን የሰማች አትመስልም፣ እኛም አልደገምንላትም። ያ ሌሊት ባለቤቴና እማዬ በአንድ ቬንትሌተር ተስማምተው ያደሩበት የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ሙቀት ይጠጣሉ፣ ግን አይውጡትም። ቀን የጠጡትን ማታ ይመልሱታል። ውጭው ቀዝቅዞ ቤቱ ውስጥ የምናልበው ለዚህ ነው። ሌሊቱን ነፋስ ካልተሻገረበት ግድግዳው የትናንቱን ሙቀት ሳይጨርስ የዛሬው ይደርስበታል። ሌሊቱን ሲናፈስ ያደረ ቤት ግን ጠዋት ሲዘጋ ብርዱን ይዞ ይቆያል። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከውጭ የሚገባ እንግዳ «ኤሲ አስገባችሁ እንዴ?» ይላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። በድሬዳዋ ወንፊት የሌለው መስኮት ከፍቶ ማደር ለትንኝ ግብዣ ነው። ከተማዋ ወባን ታውቃለች፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት በሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ አስተኝቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንፊት፣ ከዚያ ነፋስ። የውኃ በርሜልም ይከደን።

ጋሼ ሁለተኛ ምክርም ነበራቸው፦ አንሶላ አርሶ መስኮት ላይ መስቀል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን፣ አንድ ሺህ ዋት ምድጃ 40 ደቂቃ ያህል ነዶ የሚያወጣውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር በግንቦትና በሰኔ ደረቅ ስለሆነ አንሶላው ቶሎ ይደርቃል፣ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። «ጅቡቲ ላይ ግን እንዳትሞክረው» አሉ ጋሼ፤ «እዚያ አየሩ ራሱ ውኃ ጠግቧል። ሞክሬው አንሶላው አብሮኝ ሲያልበው አደረ።» እማዬ እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ስታይ ምን እንዳለች መናገር አያስፈልግም። ፌጦው የተፈታው ያን ዕለት ነው።

ከእማዬ ጋር ያለ ክርክር የተስማማነው በማዕድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ራሱ የ100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። እኩለ ቀን ላይ እንጀራ መጋገር ማለት እንግዲህ ሠላሳ እንግዳ ጠርቶ ማዕድ ቤት ውስጥ ማቆም ነው፤ ያውም የማይሄድ እንግዳ። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ «ድሮስ እንጀራ በዚህ ሰዓት ማን ይጋግራል? የሴት ወጉ ጎህ ሳይቀድ አይደል?» አለች። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ መስኮቱ ሁሉ ክፍት እያለ፣ ከተማዋ ከሁሉ በሚቀዘቅዝባት ሰዓት፣ ምጣዱ ይጣዳል። ቡናው ግን በሰዓቱ፣ ከነከሰሉና ከነዕጣኑ ይፈላል። በዚህ አልተደራደረችም፤ እኛም አልጠየቅን።

የቀረው ጣሪያው ነበር። ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ የፀሐይዋን ብርሃን አብዛኛውን ወደ መጣችበት ይመልሳል፤ ይህን በጋለ ቀን ነጭና ጥቁር መኪና የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ነጥቡን ይዤ የሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ጣሪያውን በጋራ ነጭ እንቀባ አልኩ።

የምድር ቤት ነዋሪ የሆኑ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ጣሪያ የሚመለከተው ጣሪያ ያላቸውን ነው። እኛ ያለን የሰው ወለል ነው።»

አንዲት የሁለተኛ ፎቅ እናት ቀጠሉ፦ «መጀመሪያ የደረጃው አምፖል ይተካ። በጨለማ እየወደቅን ስለ ጣሪያ እናውራ?»

አንዱ ወጣት ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ነጭ ጣሪያ ቅንጦት ነው አለ። ሌላው የፍሳሽ ቱቦውን አነሳ። በፍሳሹ ላይ ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ባለቤቴ ተነስታ፣ «ዝናብ ሲያፈስ የጋራ ነው የተባለው ጣሪያ፣ ፀሐይ ስታርፍበት እንዴት የግል ሆነ?» አለች። በአዳራሹ ተጨበጨበ። ስብሰባውም ጉዳዩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም በሙሉ ድምፅ ወስኖ ተበተነ። ንዑስ ኮሚቴው እያጣራ ነው። እኛ የአራተኛ ፎቅ ሰዎች በመካከሉ አዋጥተን ቀባነው። ኮርኒሱ ምጣድነቱን ቀነሰ፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎችም ለእነሱም እንደቀዘቀዘላቸው ደረጃ ላይ ስንገናኝ በትሕትና ነገሩን። ገንዘብ አላነሱም።

ይህን ሁሉ ከምታደርግ ኤሲ አትገዛም ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኤሲን አላንቋሽሽም። እንዲያውም ኤሲና ድሬዳዋ እኩያሞች ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ነደፈ፤ ያውም ለሰው ሳይሆን፣ እርጥበት ወረቀት እያበላሸበት ለተቸገረ የብሩክሊን ማተሚያ ቤት። በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም በሐዲዱ ዙሪያ ተወለደች። አንዱ ሙቀት ሲያሸንፍ፣ ሌላዋ ከሙቀት ጋር መኖር ስትማር፣ እኩል አደጉ። ችግሩ ኤሲ መብራት ሲሄድ አብሮ መሄዱ ነው። መብራት ደግሞ የሚሄደው ሁሉም ሰው ኤሲውን በከፈተበት ሰዓት ነው። ሲሠራም ከእኔ ሳሎን ያወጣውን ሙቀት የሚያፈሰው ጎረቤቴ መስኮት ሥር ነው፤ ጎረቤቴም ኤሲ ይገዛል፣ ሙቀቱን ወደ እኔ ይመልሳል። የትልቁ ልጄ የፍሪጅ ዕቅድ ማለት ይህ ነው።

ከዚራ ሰፈር ሄዶ የባቡሩ ዘመን ቤቶችን ያየ ሰው ሌላ መንገድ እንደነበረ ያውቃል። ግድግዳው ወፍራም ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሰው ጭንቅላት በላይ ቦታ አለው። በረንዳው ፀሐይዋን ከግድግዳው ላይ ያግዳታል። ከመንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ አለ። እነዚያን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ሶኬት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አሰቡ። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግን አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ለብርድ የተሰፋ ካፖርት ለድሬ ልጅ አልብሰነዋል። ለቆላ ከተማ የሚሠራ ፎቅ ሰፊ በረንዳ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶችና ነጭ ጣሪያ ቢኖረው የሚጨምረው ወጪ፣ ነዋሪው ዕድሜ ልኩን ለቬንትሌተርና ለኤሲ ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም። ነዳፊዎቹ ግንቦት ላይ አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ቢያድሩ ይህን ለማስረዳት ወግ መጻፍ ባላስፈለገ።

እስከዚያው ወደ ድሬ ለምትመጡ ደገኞች አንድ ምክር አለኝ። ቤት ለማየት ጠዋት አትሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቤት ጥሩ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂዱ። ደላላው በዚያ ሰዓት ስልክ ካላነሳ ለምን እንደፈለጋችሁት ገብቶታል ማለት ነው። መስኮቶቹ ፊት ለፊት መሆናቸውን፣ ወንፊት እንዳላቸው እዩ። በላያችሁ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ድምፁ ይረብሻል እንዳትሉ፣ ድምፁ ጣሪያችሁ ነው። ምድር ቤት ከተገኘ ግን ሳትከራከሩ ያዙት።